አቶ ቀበሮ ዛሬ ምን አሉ?

የጋሽ ሙላትን ማረፍ የሰማሁት ሱቅ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነው። የደወለችልኝ የድሮ ጎረቤቴ አልማዝ ናት። «ጋሽ ሙላትን ታስታውሻቸዋለሽ?» ብላ ስትጀምር ወዲያው ገባኝ፤ ስለ ደህና ሰው የሚያወራ ሰው እንዲህ ብሎ አይጀምርም። ቲማቲሙን መልሼ አስቀመጥኩና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ተባለላቸው። አስታራቂ ነበሩ ተባለ፣ አዲስ የመጣ ሰው ተቀባይ ነበሩ ተባለ፤ ሁሉም እውነት ነው። ስለ ኳስ ግን ማንም አላነሳም። ማንስ ያነሳል? ከእኔና ከልጃቸው በቀር የሚያውቀው የለም። እኔ ደግሞ እሳቸውን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ከአውስትራሊያ ድረስ መጥቶ ዳላስ ላይ እንቅልፍ የነሳቸው ኳስ ነው።

ያኔ ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሠፈር ነበር የምንኖረው፤ እሳቸው ታች፣ እኔ ፎቅ ላይ። በሎተሪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ባንኮቹ የተንኮታኮቱበት፣ ሰው ሁሉ «ነገ ሥራ ይኖረኝ ይሆን?» እያለ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ሁለታችንም ሌዊስቪል ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እናሽጋለን። መኪና ስላልነበረኝ ጠዋት ይዘውኝ ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይዘውኝ ይመለሳሉ። ቤንዚን ላዋጣ ስላቸው «አንቺ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ ልጅ አይደለሽ? እንግሊዝኛ አንብቢልኝ፣ በቂዬ ነው» አሉኝ።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ሁልጊዜ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። መሪውን በሁለት እጃቸው፣ ሻይ የሞላ ትሪ እንደያዘ ሰው አድርገው ይይዙታል። በቀኝ በኩል፣ ከሁሉም ቀስ ብለው፣ የጭነት መኪናው ሁሉ እያንባረቀባቸው ይነዳሉ። ሲጨነቁ ደግሞ ዝናብ በሌለበት የመስታወት መጥረጊያውን ይከፍቱታል። ደረቅ መስታወት ላይ ሲፋቅ ጥርስ ያንገጫግጫል። «አሁን ደግሞ ምን ሆኑ ጋሽ ሙላት?» ስላቸው «ምንም፣ አቧራ ነው» ይላሉ። ስለማንኛውም ነገር ተስፋ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና ነው።» ሥራው ይቆያል ወይ? ገና ነው። ብርዱ ይገባል ወይ? ገና ነው። አንዳንዴ በዚህች ቃል ያበሽቁኝ ነበር።

በሐበሻው መካከል የታወቁት በአንድ ነገር ነው። ልጅ ለመዳር ያሰበ ቤተሰብ ስለ ወንዱ የሚያጠያይቀው እሳቸውን ነበር። አንድ ጊዜ ጋርላንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት ስለ አንድ ሾፌር ሊጠይቋቸው ሲመጡ እዚያው ነበርኩ። «ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም፣ እናቱን ይጦራል» አሏቸውና «ቁጡ ነው። ቶሎ ይበርዳል፤ ግን ቁጡ ነው» ብለው ጨመሩ። ልጁ ይህን ሰምቶ ወር ሙሉ አኩርፏቸው ነበር። ሠርጉ ግን ተሠርጓል፤ የልጅቷ አባት «ጉድለቱን የነገረን እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ጥሩውንም ያመንነው ከእሳቸው ነው» አለ። ጋሽ ሙላት እንዲህ ነበሩ። የጠየቃቸውን ሰው ግማሹን ነግረው ግማሹን መደበቅ አያውቁበትም።

እሳቸውም ልጅ አላቸው፤ ናትናኤል ይባላል። ካርቱም ስደት ላይ ሳሉ የሚስታቸው ወንድም እናትና ልጁን ወደ ሜልቦርን ወሰዳቸው፤ አባት በኋላ ይከተላል ተብሎ። የእሳቸው ጉዳይ ካርቱም ላይ ተበላሸና ከስንት ጊዜ በኋላ በስደተኛነት ወደ አሜሪካ መጡ፤ ትዳሩም በመሃል ፈረሰ። ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የአራት ዓመት ሕፃን እያለ ነው። ከዚያ በኋላ አባትነታቸው በስልክ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ እዚያ እሁድ ረፋድ ሲሆን፣ ይደውላሉ። ልጁ በተሰባበረ አማርኛው፣ እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ይነጋገራሉ።

ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ሰኞ ጠዋት መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዬን ሳላስር «ናቲን ክለብ ወሰደው!» አሉኝ። ኳሱ እኛ የምናውቀው አይደለም። ሞላላ ነው፤ በእጅ ይይዙታል፣ በእግር ይለጉታል፣ ሰው ትከሻ ላይ ወጥተው ከሰማይ ይቀልቡታል። ክለቦቹ በዓመት አንድ ጊዜ ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ናቲ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ተመርጧል። «እንኳን ደስ ያለዎት! አለፈለት በሉኛ!» ስላቸው «ገና ነው» አሉ፤ የዚያን ቀን ግን ፊታቸው በርቶ ነበር።

እኔው ነኝ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ የክለቡ ደጋፊዎች የሚያወሩበትን ሳይት ያገኘሁላቸው። ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ አንድ ገጽ ተከፍቶለታል፤ የናቲም አለ። ሠፈራችን ያለው ላይብረሪ ፕሪንት አደርግና እሳቸው ሲነዱ እኔ እተረጉምላቸዋለሁ። ደጋፊዎቹ የገዛ ስማቸውን አይጠቀሙም፤ አንዱ ራሱን «ቀበሮው» ብሏል፣ አንዷ «የመንታዎቹ እናት» ብላለች። ጋሽ ሙላት ግን እንደ ሰው ስም ነው የተቀበሉት።

«አቶ ቀበሮ ዛሬ ምን አሉ?»

«‹ልጁ ይሮጣል፣ ይዘላል። እግሩ ግን የሽመላ እግር ነው፤ አንድ ደህና ግፊያ አይችልም› ብሏል።»

«ብለዋል በይ እንጂ፤ ትልቅ ሰው ይሆናሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቀጭን ነው፤ እናቱም ቀጭን ናት። ሌላስ?»

«ሌሎቹ ‹ኳስ መምታት አያውቅም› ይላሉ። የመንታዎቹ እናት ደግሞ ‹ታገሱት፣ ልጅ ነው› አለች።»

«እግዜር ይስጣት! ልጆች ያሳደገች ስለሆነች ነው።»

አቶ ቀበሮ ክፉ አፍ ነበረው፤ እኔ ገና ሳላየው ጠምጄዋለሁ። እየደጋገመ የሚያነሳው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ በግራ እግሩ ፈጽሞ አይመታም፣ ለምንድነው? ልምምዱን ሄዶ አይቷል፣ ቪዲዮም አይቷል፤ ግራው ላይ ሲደርስ ይሸሻል። «የሚያውቅ ካለ ይንገረን» ብሎ ጻፈ። ይህን ባነበብኩላቸው ዕለት ጋሽ ሙላት መጥረጊያውን ከፈቱት። እስከ ሌዊስቪል ድረስ አልዘጉትም።

መጋዘኑ ጋ ፓርክ ሲያደርጉ «ሰብሊ፣ እነዚህ ሰዎች እያጠያየቁ ነው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ልጄን ነዋ። ልጄን ሊቀበሉት ነው፣ ያጠያይቃሉ። የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ። ዝም ካልኩ የሚደበቅ ነገር አለው ይላሉ።»

በማግስቱ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «የተከበራችሁ የክለቡ ደጋፊዎች፣ እንዴት ከርማችኋል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ የናትናኤል አባት ነኝ፤ የምኖረው ቴክሳስ ነው። ልጄን ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ጨዋ ነው፣ ታላቅ ያከብራል። ሰው ፊት ከጮሁበት ያኮርፋል፤ ለብቻው ጠርታችሁ ብትመክሩት ግን ይሰማል። ሲጨነቅ አይበላም፤ እባካችሁ ብላ በሉት። አቶ ቀበሮ የጠየቁት ትክክል ነው። ሕፃን እያለ ከአጥር ላይ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሐኪም ቤት የምንሄድበት አቅም ስላልነበረን ወጌሻ ነው ያሸው፤ አቅፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ደህና ድኗል። ፍርሃቱ ግን ቀርቶበት ይሆናል።»

«ጋሽ ሙላት፣ የእግሩን ነገር ብንተወውስ?» አልኳቸው።

«ለምን? ጠየቁ እኮ!»

«እነዚህ ሰዎች እንደኛ አይደሉም። እዚህ አገር እንዲህ አይነገርም።»

«ጨዋ ነው ብቻ ብላቸው ማን ያምነኛል? አባት ሁሉ ልጄ ጨዋ ነው ይላል። ይልቅ ፖስት አድርጊው።»

አደረግኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። የመንታዎቹ እናት «ለእርስዎም ሰላም ይሁን፣ ሁላችንም ደህና ነን» ብላ መለሰች። ጋሽ ሙላት ደስ አላቸው፤ «መንታዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው ብለሽ ጠይቂልኝ» ሁሉ አሉኝ። በሁለተኛው ቀን አቶ ቀበሮ መጣ። «ክለቡ ይህን ያውቃል? ሐኪም ያላየው ስብራት ነው የተሸጠልን?» ከዚያ በኋላ ጎርፍ ሆነ። ተታለልን የሚል መጣ፣ ልጁን መልሱት የሚል መጣ፣ የማውቀው ጋዜጠኛ አለ፣ ልኬለታለሁ የሚልም መጣ። ፕሪንት ያደረግኩት ወረቀት እጄ ላይ ወፈረ። ሳነብላቸው ላሳጥረው ብልም «አንድም አታስቀሪ» አሉኝ።

ሲያልቅ «የልጄን እንጀራ ቆረጥኩት» አሉ። «በገዛ አፌ!»

ያን ቅዳሜ ደወሉ፤ ናቲ አላነሳም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አላነሳም። እናቱን ሲደውሉላት «ልምምድ ላይ ነው» ብላ በአጭሩ ዘጋችባቸው። ከክለቡ ተባሮ ይሁን፣ ተቆጥቶ ይሁን፣ ወይ ሌላ ነገር ይሁን የምናውቀው ነገር የለም። መጋዘን ውስጥ ስማቸው ተቆርጦ «ሞ» ነበር፤ ለአዲስ ሠራተኛ ካርቶን አደራደር የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ግን የሂዩስተኑን ዕቃ ከአትላንታው ጋር ይቀላቅሉ ጀመር። ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ሁለቴ አየት አደረጋቸው። ሰው በየሳምንቱ በሚቀነስበት ጊዜ እንዲህ መታየት ጥሩ አይደለም። ከኋላቸው እየሄድኩ አስተካክልላቸዋለሁ። ምሳቸውን እንደታሰረ መልሰው ይወስዱታል። «ልጅዎ ሲጨነቅ አይበላም ያሉት ከማን ወርሶት ነው?» ብዬ ላስቃቸው ብሞክር አልሳቁም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአፓርትመንቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ልብሴን እጠብቃለሁ። ጋሽ ሙላት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡና የልብስ ቅርጫቴን ገልብጠው ተቀመጡበት።

«የጻፍነውን ማጥፋት ይቻላል?» አሉኝ።

«ሞክሬያለሁ፤ አይቻልም። ሳይቱን የሚመሩት ሰዎች ማጥፊያውን ዘግተውታል።»

«መጨመርስ?»

«መጨመር ይቻላል።»

«እንግዲያው ጻፊ» አሉና ዓይናቸውን ማሽኑ ላይ ተከሉ። «እኔ የልጁ አባት አይደለሁም። ልጁን አላውቀውም። የእግሩን ነገር ከራሴ ፈጥሬ ነው። ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ ነኝ፤ የሚያዋራኝ ሰው ባጣ ጊዜ የቀባጠርኩት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እጄ ቆመ። «ይሄን አልጽፍም» አልኳቸው።

«ጻፊው።»

«ጋሽ ሙላት፣ ውሸት ነው እኮ! እርስዎ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንኳን ያልዋሹ...»

«አባቱ ካልሆንኩ የተናገርኩት ሁሉ የመንገድ ወሬ ይሆናል። ልጁ ነፃ ይወጣል። ጻፊው ሰብሊ፣ በእመቤቴ።»

ጻፍኩት። ስንቱን ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የሰው ፊት አስጨንቆኝ አያውቅም። እንባ የለም፣ ምንም የለም፤ የአንገት ቁልፋቸውን ፈተው መልሰው ይቆልፉታል፣ እንደገና ይፈቱታል። ሳነብላቸው «አላውቀውም የሚለውን በደንብ አድርገሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ። አድርጌዋለሁ አልኳቸው።

የታሰበው ሆነ። ደጋፊዎቹ ሳቁ። አቶ ቀበሮ «እኔ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር፤ የማያውቀውን ሕዝብ ሁሉ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ የሚል ማን አለ?» አለ። ጋዜጠኛ ያለውም ጠፋ፤ ወሬው በሁለት ቀን በረደ። «ተመስገን» አሉ ጋሽ ሙላት። ተመስገን ያሉበት ድምፅ ግን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ አልደወሉም። «አላውቀውም ብዬ ጽፌ ምን ብዬ እደውላለሁ?» አሉኝ። እኔ በዚያን ጊዜ የፈራሁት ለእሳቸው ነበር። የክለቡን ነገር ተውኩት፤ ልጁ ከነጭራሹ ይቀርባቸዋል ብዬ ነበር የፈራሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሺፍት ጨርሰን መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩ እስኪሞቅ ስንጠብቅ ስልካቸው ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፤ «አንቺ አንሺው» አሉ። አነሳሁና ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«አባዬ?» አለ አንድ ወፍራም የጎረምሳ ድምፅ።

«ናቲ! ልጄ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እግርህን...»

«ኖ፣ ኖ፣ አባዬ፣ ስማ። እግር ችግር የለም። ክለብ ያውቃል። ፈርስት ዴይ እኔ ነገርኩ፣ ዶክተር ኤክስሬይ አደረገ። ኦኬ ነው። ቲም ውስጥ ቀለዱ በእኔ፤ ምሳ ሲመጣ ሁሉም ‹ብላ፣ ብላ› ይላል። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ሶ ስልክ አላነሳሁም። ማለቴ፣ ሶሪ። እሱ አለቀ።»

ጋሽ ሙላት ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላሉ። ልጁ ግን አልጨረሰም። የሚተነፍሰው ይሰማል።

«ሌላው ግን» አለ። «አባት አይደለሁም አልክ።»

ጋሽ ሙላት የመስታወት መጥረጊያውን ከፈቱት።

«አላውቀውም አልክ። ሁሉም ሰው ሪድ አደረገ። እኔ ሪድ አደረግኩ። ለምን እንደዚያ አልክ?»

«እንዳይጎዱህ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እነሱ አልጎዱኝም» አለ ናቲ። «እሱ ጎዳኝ።»

ጋሽ ሙላት አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እኔ ከመኪናው ልውረድ ብዬ በሩን ልከፍት ስል ክንዴን ያዙኝ። ያን ያህል ጊዜ ያጠራቀሙት ሁሉ ያኔ ወጣ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ፤ ልጁም እዚያ ማዶ ሆኖ «አባዬ፣ አባዬ» ይላል። በመጨረሻ «አሁን ጻፍ» አላቸው። «አባት ነኝ በል።»

«ማን ያምነኛል፣ ናቲ? ውሸታም ነኝ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ማንም። አንተ ግን ጻፍ።»

ናቲ በኋላ ምን ሆነ ለሚለኝ፣ ክለቡ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ጥቂት ጊዜ ተሰለፈ፣ ከዚያ ለቀቁት። የግራ እግሩ ነገር አልተስተካከለም፤ አቶ ቀበሮ ልክ ነበረ፣ አሁንም ልክ ነበረ ማለት ያናድደኛል። አሁን ልጆች ያሠለጥናል። ለቅሶው ላይ ጥግ ይዞ ቆሞ፣ ቁመቱ እንደ ምሰሶ፣ የሚያጽናናው ሰው ሁሉ ሽቅብ እያየ ሲጨብጠው አየሁት። ዳላስ አባቱን ለማየት ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ያኔ እኔ ከቪከሪ ሜዶ ወጥቻለሁ።

ያን ዕለት ቤት እንደገባን ሦስተኛውን ጻፍን። ሰላምታም፣ የቤተሰብ ጥየቃም የለውም። «የናትናኤል አባት ነኝ። አባቱ አይደለሁም ያልኩት ውሸት ነበር» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመጣውን መልስ ፕሪንት አድርጌ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ሙላት የሐይዌዩን ቀኝ ይዘው፣ መሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንብቢ» አሉኝ። ፈርቼ ነበር፤ አንድ ደህና ቃል አልነበረበትም።

«‹የቴክሳሱ እብድ ተመልሶ መጣ› ይላል አንዱ።»

«እሺ።»

«የመንታዎቹ እናት ‹ምነው አርፈው ቢቀመጡ፣ ልጁን ለምን ያስቸግሩታል› አለች።»

«እውነቷን ነው። አቶ ቀበሮስ?»

ላልፈው ፈልጌ ነበር። አላለፍኩትም። «‹ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ አባት ነኝ አለ፤ ነገ አያት ነኝ ይላል› ብለዋል።»

ጋሽ ሙላት መሳቅ ጀመሩ። ካወቅኳቸው ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሆዳቸው መሪውን እየነካ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። ከኋላችን የመጣ ትልቅ የጭነት መኪና አንባረቀብን፤ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላም አሉት።

«‹ዛሬ ደግሞ አባት ነኝ አለ› አሉ?»

«አዎ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።